ሽሮ በፎቶ ሲጠየቅ፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ቆይቶ እኔም ጋ ደረሰ። የሚያወራው ስለ ሥነ ምግብ ጥናት ነው። የጥናት ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ትናንት ምን እንደተበላ ይጠይቃሉ። ከዚያ የምግብ ፎቶ ያለበት አልበም ዘርግተው «የበላሽው የትኛውን ያህል ነው?» ይላሉ። የተመረጠው ፎቶ ወደ ግራም ይቀየራል። ጸሐፊው ይህን አሠራር ከጥንቆላ ለይተው አያዩትም።

ክሳቸው ብዙ ነው። ፎቶ ክብደት አያሳይም። እኛ ከአንድ ትሪ ስለምንበላ የማን ድርሻ የቱ እንደሆነ አይታወቅም። የከተማ ዳር እናቶች ፎቶ አይተው መጠን መናገር አይችሉም። አልበሙ ከፈረንጅ የተቀዳ ነው። ሚዛን እያለ ፎቶ ምን ያደርጋል? በመጨረሻም፣ በቅርቡ ስልክ ራሱ ምግቡን አይቶ ስለሚመዝነው ይሄ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው።

እኔ እዚሁ ሥራ ውስጥ ያለሁ ሰው ነኝ። አዲስ አበባ ዳር፣ ከአቃቂ ወዲያ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይም የገበሬ ግቢ ውስጥም አልበሙን ዘርግቼ ጠይቄያለሁ። ገለልተኛ አይደለሁም፤ አንባቢ ይህን ይወቅልኝ። ከክሶቹ ግማሹ እውነት አለው። የማልስማማው ጸሐፊው ከዚያ እውነት ተነስተው በደረሱበት ቦታ ነው። የምግብ መጠን የሚለካ መሣሪያ ሁሉ ይሳሳታል። ሚዛንም ይሳሳታል። ዋናው ጥያቄ ስህተቱ ወዴት እንደሚያዘነብል፣ በስንት እንደሚያዘነብል እናውቃለን ወይ ነው። ሁልጊዜ አምስት ደቂቃ ወደኋላ የሚቀር ሰዓት ያለው ሰው ቀጠሮ አያመልጠውም። እኔም ለፎቶ የምከራከረው ስህተቱን መፈተን ስለሚቻል ነው።

ነገሩ የግራም ጨዋታ እንዳይመስል አንድ ነገር ላንሳ። ዛሬ የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የምንለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2013 ሀገር አቀፍ የምግብ ፍጆታ ጥናት አውጥቶ ነበር። የተሠራው ሰዎች ባለፉት 24 ሰዓታት የበሉትን በመጠየቅ ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አይቀርም። ዘይት ውስጥ ቫይታሚን ኤ ይጨመር ሲባል፣ ስንት ይጨመር የሚለው የሚወሰነው ሰው በቀን ስንት ዘይት እንደሚበላ ታስቦ ነው። የዘይቱ ግምት ከእውነቱ ካነሰ ቫይታሚኑ ይበዛል። ግምቱ ከበዛ ደግሞ ቫይታሚኑ ያንሳል። ስለዚህ ጸሐፊው መጠየቃቸው ራሱ ተገቢ ነው።

«ፎቶ ክብደት አያሳይም»

አያሳይም። ያሳያል ያለም የለም። እዚህ ላይ ጸሐፊው አልበሙ እንዴት እንደሚሠራ ያዩ አይመስለኝም።

በደንብ የተሠራ አልበም የሚጀምረው ከካሜራ ሳይሆን ከሚዛን ነው። መጀመሪያ በሰው ቤት ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ እየተመዘነ ሰው በተግባር ምን ያህል እንደሚበላ ይታወቃል። ከዚያ ጥቂት ከሚበሉት ተነስቶ ብዙ እስከሚበሉት ድረስ መጠኑ በደረጃ ይከፈላል። የተለመደው መቶ ሰው ከትንሽ በላተኛ እስከ ብዙ በላተኛ ቢሰለፍ ከ5ኛው እስከ 95ኛው ያለውን መጠን መያዝ ነው። እያንዳንዱ መጠን ተመዝኖ ሰሃን ላይ ይቀመጣል፤ ከጎኑ ማንኪያ ወይም ሌላ ሰው የሚያውቀው ዕቃ ይደረጋል። ካሜራው ሰው ቁጭ ብሎ ሰሃኑን በሚያይበት ሰያፍ፣ 45 ዲግሪ ገደማ ላይ ሆኖ ይነሳል። ወጥ ከላይ ቀጥ ተብሎ ከተነሳ ከፍታው ይጠፋል። እንጀራ ግን ጠፍጣፋ ስለሆነ ከላይ ቢነሳ ችግር የለውም።

ስለዚህ ክብደቱ ያለው በእኛ ሠንጠረዥ ላይ ነው። ሴትዮዋ «ሦስተኛዋን ያህል» ስትል፣ ሦስተኛዋ ስንት ግራም እንደሆነች ቀድሞ ተጽፏል። ሴትዮዋን ክብደት አንጠይቃትም። የምንጠይቃት የማመሳሰል ሥራ ነው።

ይህ የማመሳሰል ሥራ ደግሞ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1994 እንግሊዝ አገር ኔልሰን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ አንድ ጥናት አወጡ። ሰዎች የተመዘነ ምግብ ፊታቸው ተቀምጦ ከፎቶ ጋር እንዲያመሳስሉ ተደረገ። ስምንት ፎቶ በተርታ ሲሰጣቸው ስህተቱ በአንጻሩ ትንሽ ነበር። አንድ አማካይ ፎቶ ብቻ ሲሰጣቸው ግን ምግቡን ከእውነቱ በጣም አሳንሰው ገመቱት። ትንሽ ምግብ ከፍ ተደርጎ፣ ብዙ ምግብ ዝቅ ተደርጎ የመገመት ዝንባሌም ታየ። ይህኛው ዝንባሌ ከዚያ ወዲህ በብዙ ጥናት ላይ ስለሚታይ፣ ውጤቱን የሚያነብ ሰው አስቀድሞ ይጠብቀዋል። እንግዲህ «ፎቶ አይሠራም» የሚል ሰው ስንት ፎቶ፣ እንዴት የተነሳ ፎቶ የሚለውን አብሮ መናገር አለበት።

በእርግጥ እዚያ ጥናት ላይ ምግቡ ፊታቸው ነበር። እኛ የምንጠይቀው የትናንቱን ነው። ፊት ለፊት ያለን ነገር ማመሳሰል አንድ ሥራ ነው። የሌለን ነገር በሐሳብ መሳል ሌላ ሥራ ነው። ትናንት መበላቱን ማስታወስ ደግሞ ሦስተኛ ነው። ፎቶ ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ያግዛል። ሦስተኛው ላይ ብዙም አይረዳም። «ከቡና ጋር ቆሎ ነበር ወይ?» ብሎ ተጠያቂዋን የሚያስታውሳት ጥሩ ጠያቂ እንጂ አልበም አይደለም።

ፎቶ የማያየውን ትልቁን ነገር ግን ጸሐፊው ሳይነኩት አልፈዋል። ዘይት! አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ገደማ ነው፤ 120 ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ሁለት ሰሃን ሽሮ ጎን ለጎን አስቀምጡ። አንዱ ዘይት የጠገበ፣ ሌላው ጤፍ ሊገዛ ሲባል ዘይት የተቀነሰበት። ፎቶው ላይ መንትያ ናቸው። ለዚህ ነው ወጥ የሠራችውን ሴት ለብቻ የምንጠይቃት። ስንት ሰው ይበላዋል ተብሎ ተሠራ፣ ዘይቱ በምን ተሰፈረ፣ ጠርሙሱ መቼ ተከፍቶ መቼ አለቀ? እዚህ ላይ ቢመቱን ያምመን ነበር።

«ከአንድ ትሪ እየተበላ ድርሻ አይታወቅም»

ይሄኛው ክስ ከባድ ነው። ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

ማታ ላይ ትሪ ይቀርባል። እንጀራ ይነጠፋል፣ ወጥ መሃል ይፈሳል። አባት ከሥራ አምሽቶ ይደርሳል። ልጆች ቀድመው ጀምረዋል። እናት አንዴ እንጀራ ልትጨምር፣ አንዴ ውሃ ልታመጣ ትነሳለች። ጎረቤት ድንገት ብቅ ካለ «ኖር!»፣ «እንብላ!» ነው። በዚህ መሃል የእናትየውን ድርሻ በግራም ንገሩኝ ማለት ቀልድ ይመስላል።

ሰነፍ ጠያቂ ምን ያደርጋል? ትሪውን በሰው ቁጥር ያካፍላል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ምክንያቱም ስህተቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ነው። በብዙ ቤት እናት ዘግይታ ነው የምትቀመጠው፤ ያን ጊዜ ወጡ ተጠርጎ እንጀራው ነው የቀረው። እኩል ሲካፈል እናትየዋ ያልበላችውን ወጥ ወረቀት ላይ ትበላለች። የእናቶችን የብረት እጥረት ልናጠና ሄደን ራሳችን ደበቅነው ማለት ነው።

ሥራውን የሚያውቅ ጠያቂ ትሪውን በደረጃ ይፈታዋል። ስንት እንጀራ ተነጠፈ? ስንት ተጨመረ? ስንት ተረፈ? ማን ማን ነበር? ማን ቀድሞ ተነሳ? ወጡ ስንት ጭልፋ ወጣ? አንቺ ስትቀመጪ ከወጡ ምን ያህል ቀርቶ ነበር? ከዚህ በኋላ ነው አልበሙ የሚከፈተው። እዚያ ላይ ያለው የሰሃን ፎቶ ብቻ አይደለም። ሩብ እንጀራ፣ ግማሽ እንጀራ፣ ሦስት አራተኛ እንጀራ፣ ከነወጡ፣ ትሪ ላይ እንዳለ ተነስቷል። ሴትዮዋ ፊቷ የነበረውን የትሪ ክፍል በጣቷ ታሳያለች። ፍጹም አይደለም። ከማካፈል ግን በጣም ይሻላል።

ጉርሻስ? ጸሐፊው ጉርሻን እንደ መጨረሻ መሳለቂያ ነው ያመጡት። ግን ትንሽ ቢያስቡበት ጥሩ ነበር። ጉርሻ ከአንዱ እጅ ወጥቶ ሌላው አፍ ነው የሚገባው። የቤቱ ድምር አይለወጥም። የጠቅላላ ቤተሰቡን ፍጆታ የሚያጠና ሰው ስለ ጉርሻ ሊጨነቅ አይገባውም። የሁለት ዓመት ሕፃን የሚያጠና ግን ይጨነቅ፤ ሕፃን ልጅ እንጀራ የሚበላው አብዛኛውን በሰው እጅ ነው። ስለዚህ ለሕፃን ለብቻ «ማን አጎረሰው?» ብለን እንጠይቃለን። አንዲት እናት ስቃ «ጉርሻ ይቆጠራል እንዴ ልጄ?» ብላኝ ነበር። ከዚያ ግን ቆጠረችልኝ።

አሁን ዋናው ነገር። የትሪው ክስ ፎቶን ብቻ ነው ወይ የሚመታው? ሚዛን ይምጣ እንበል። ትሪው ሳይበላ ተመዘነ። ከተበላ በኋላም ተመዘነ። ልዩነቱ የአምስት ሰው ነው። የእናትየዋ ስንት ነው? ሚዛኑ አይነግረንም። ለማወቅ የግድ ለእያንዳንዱ ሰሃን ማደል ያስፈልጋል። በማላዊ ገጠር የተሞከረ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ የታወቀ አሠራር አለ። ለሴቶች አስቀድሞ ሥልጠና ይሰጣል፤ በዕለቱ የሚበሉበት ሳህንና ጎድጓዳ ዕቃ ይታደላል፤ የበሉትን ምልክት የሚያደርጉበት ሥዕል ያለው ወረቀትም ይሰጣቸዋል። ጥሩ አሠራር ነው። እኛ ጋ ግን ለየብቻ ሰሃን ማደል ራሱ አበላሉን ይቀይረዋል። ለብቻው ሰሃን የያዘ ሰው አይጎራረስም፣ ለልጁ ከፊቱ አይገፋለትም። ጸሐፊው ለፎቶ ያዘጋጁት ወጥመድ ሚዛናቸውንም ይይዘዋል።

ከትሪው ሳልወጣ ስለ እንጀራ ስፋት ልበል። «አንድ እንጀራ» ስንት ነው? ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ እንጀራና 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ እንጀራ ሲታዩ ያን ያህል የተራራቁ አይመስሉም። ሒሳቡን ሥሩት፤ ትልቁ በ44 በመቶ ይበልጣል። ውፍረቱ ገና አልተነካም። ከከተማው ዳር ያለው ኑሮ ይህን በየቀኑ ይቀያይረዋል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብዙ ሰው እንጀራ ከሱቅ ነው የሚገዛው። ጤፍ ሲወደድ ዋጋው ይጨምራል፣ ካልጨመረ እንጀራው ይጠብባል፣ ወይም ሩዝና በቆሎ ይቀላቀልበታል። አስፋልቱን ተሻግሮ ያለው ገበሬ ቤት ደግሞ የራሱ ምጣድ፣ የራሱ ጤፍ። አንዱ አልበም ለሁለቱም «ግማሽ እንጀራ» ይላል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሜትር። ሞሰቡ ውስጥ የተረፈ እንጀራ ካለ ስፋቱን እንለካለን። ከሌለ ከየትኛው ሱቅ እንደተገዛ ጠይቀን እዚያ ሄደን ገዝተን እንመዝናለን። (የተረፈውን እንጀራ ማን እንደሚበላው አትጠይቁኝ።) የአልበሙ የእንጀራ ገጽ ግን ከሌሎቹ ቶሎ ያረጃል። በየጊዜው ካልታደሰ ጸሐፊው ልክ ይሆናሉ።

«የከተማ ዳር እናቶች ፎቶ ማንበብ አልለመዱም»

እዚህ ላይ ተናደድኩ። ግድግዳው ላይ የሠርግ ፎቶ የሰቀለች፣ አረብ አገር ካለች ልጇ ጋር በየሳምንቱ በቪዲዮ የምትነጋገር ሴት ፎቶ አታነብም ይሉናል።

እንደውም እኔ እንዳየሁት አልበሙን በደንብ የምትጠቀመው ወጥ የምትሠራዋ ናት። ገና ስትከፍተው ታርመዋለች። «ይሄ የእንግዳ ነው። ይሄ ደሞ የልጅ ነው። የኔ ከሁለቱ መሃል ነው፤ ግን እንዲህ አልቀጠነም» ትላለች። የሚያስቸግረው ባል ነው። አልበሙን በቅጡ ሳያይ «ይቺ ናት» ብሎ ይገላገላል። የተማረ ከሆነ ደግሞ ባሰ፤ ስለ ካሎሪ ያስተምራችኋል እንጂ የበላውን አይነግራችሁም።

ልምምድ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ከመጠየቅ በፊት እውነተኛ ሽሮ ሰሃን ላይ አድርጎ «ከነዚህ የትኛዋ ናት?» ማለት ጥሩ ነው። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው። ሰው መሃለኛውን መምረጥ ስለሚወድ የፎቶዎቹ ቁጥር ተጋማሽ ቁጥር ቢሆን ይመረጣል፤ አራት፣ ስድስት፣ ስምንት። ያን ጊዜ መሃለኛ የሚባል አይኖርም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ይሉኝታ ነው። ጎረቤት አጠገብ ቁጭ ብላ የተጠየቀች ሴት ትንሿን ፎቶ አትመርጥም፤ ቤቷ የተቸገረ እንዳይመስል ትፈራለች። በጾም ቀን ደግሞ ትልቋን መምረጥ ያሳፍራታል። ይህ የፎቶ ጥፋት አይደለም። በአፍ ብትጠየቅም ያው ነው። ለብቻዋ መጠየቅ ነው።

የአፍሪካ ገጠር ሴቶች በፎቶ ሊጠየቁ ይችላሉ ወይ የሚለውም አዲስ ጥያቄ አይደለም። ቡርኪና ፋሶ ገጠር ውስጥ በአካባቢው ምግብ ፎቶ ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። ከእንዲህ ዓይነት ፈተናዎች የምንማረው ይህን ነው። ስለ ብዙ ሰው አማካይ ለማውራት ፎቶ ይጠቅማል። «እትዬ እገሊት ትናንት በትክክል ይህን ያህል ግራም በላች» ለማለት ግን አይበቃም። ስለዚህ ሐኪም ለአንድ የስኳር ሕመምተኛ መድኃኒት ሊያዝ ሲል አልበም ላይ ቢመሠረት እኔም ከጸሐፊው ጎን እቆማለሁ።

«የፈረንጅ ቅጂ ነው»

ከሆነ ይጣል። የእንግሊዝ ድንችና ቋሊማ ያለበት አልበም ኮዬ ፈጬ ምንም አይሠራም። የአዋቂ ሰሃን ፎቶ ለሕፃን መጠቀምም እንዲሁ ነው። እኛ ጋ ደግሞ አልበም የጾምና የፍስክ ገጽ ለየብቻ ይፈልጋል። ረቡዕና ዓርብ አለ፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ቅቤ የገባበት ሽሮና የጾም ሽሮ አንድ ገጽ ላይ አይኖሩም። ይህ ሁሉ መጥፎ አልበም ላይ የሚነሳ ቅሬታ ነው። በሌላ አገር ልክ የተሰፋ ሱሪ ጠበበኝ ብሎ ሜትር የሚሰብር የለም።

«ሚዛን እያለ ፎቶ ለምን?»

ጸሐፊው የኩሽና ሚዛን ርካሽ ነው ይላሉ። ሚዛኑ ርካሽ ነው። ውድ የሆነው ይዞት የሚቀመጠው ሰው ነው።

ለመመዘን ከንጋት እስከ ማታ ሰው ቤት መቀመጥ ያስፈልጋል። አሁን እንግዳ ሙሉ ቀን የተቀመጠበትን ቤት አስቡ። እናት የዕለቱን ሽሮ ትታ እንቁላል ታመጣለች። ካልሆነላት ደግሞ እንግዳው ፊት አትበላም፤ «ጾም ነኝ» ትላለች። እንግዳውስ ዝም ብሎ ይታያል? «ብላ እንጂ ልጄ፣ አንድ ጉርሻ በሞቴ!» ይባላል። እምቢ ካለ ቅሬታ ነው፤ ከበላ ደግሞ የሚመዝነውን ምግብ ራሱ እየበላ ነው። ሚዛኑ የሚያሳየው ግራም ትክክል ሊሆን ይችላል። የተመዘነው ግን የዚያ ቤት የዘወትር ማዕድ አይደለም።

ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ1990 ከሰሜን አየርላንድ አንድ ጥናት ወጣ። 31 አዋቂዎች የበሉትን ሁሉ ለሰባት ቀን እየመዘኑ እንዲጽፉ ተደረገ። በጎን ደግሞ ሰውነታቸው የሚያቃጥለው ኃይል በልዩ ዘዴ ተለካ። ዘዴው እንዲህ ነው። ሰውየው ከተራዎቹ ከበድ ያሉ የሃይድሮጅንና የኦክስጅን ዓይነቶች ያሉበት ውሃ ይጠጣል፤ ከዚያ ሽንቱ እየተመረመረ በቀናት ውስጥ ስንት ኃይል እንዳወጣ ይሰላል። በሰው ላይ መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ይህ ዘዴ ሰውየው በሚናገረውም ሆነ በሚያፍርበት ነገር አይታለልም። ውጤቱ? በሚዛን ተመዝኖ የተጻፈው ምግብ ከወጣው ኃይል በአማካይ 20 በመቶ ገደማ ያንስ ነበር። ሰዎቹ ከመመዘን ድካም የተነሳ ያልጻፉት አለ፤ እየተመዘነ መሆኑን አውቀው የቀነሱትም ይኖራል። ሚዛን እጃቸው ላይ ነበር። እና ተሳሳቱ።

ሌላም አለ። ሚዛኑ ቤት ነው ያለው፤ ሰውየው ግን ቤት የለም። ከቱሉ ዲምቱ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ በሁለት ታክሲ ግንባታ ቦታ የሚደርስ የቀን ሠራተኛ ቁርሱን በሻይና በዳቦ መንገድ ላይ ነው የሚያልፈው። ምሳውን ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በአንድ ሰሃን ሽሮ ፍትፍት ነው። ማታ ደክሞት ገብቶ ትንሽ ይቀምሳል። የቤቱ ሚዛን የሚያየው ያቺን ትንሽ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ማግስቱን ሄጄ «ምሳ የት በላህ? ሰሃኑ የቱን ያህል ነበር?» ብዬ አልበም እዘረጋለታለሁ። የከተማ ዳር ሰው አመጋገብ ግማሹ መንገድ ላይ ነው። ትምህርት ቤት የሚመገበው ልጅም እንደዚያው።

ደግሞ አንድ ሚዛን በቀን አንድ ቤት ነው። ሰው ደግሞ በየቀኑ አንድ ዓይነት አይበላም። ማክሰኞ ሥጋ፣ ረቡዕ ጎመን፣ እሁድ የማኅበር ጠላና ዳቦ። የአንድን ሰፈር አመጋገብ ለማወቅ ብዙ ሰው፣ የተለያየ ቀን፣ አንዳንዱን ሰው ደግሞ ሁለተኛ ቀን መጠየቅ ያስፈልጋል። በሚዛን ብቻ ይህን የሚያደርግ በጀት ያለው ካለ ይምጣ፤ እኔም እቀጠራለሁ።

ሚዛን ቦታ የለውም አላልኩም። አልበሙ ራሱ ከሚዛን ነው የተወለደው። ፍተሻውም በሚዛን ነው። ጸሐፊው ፈቃደኛ ከሆኑ አብረን እንሞክረው። ማክሰኞ በጥቂት ቤቶች ቁጭ ብለው ይመዝኑ። ረቡዕ እኔ የእርሳቸውን ቁጥር ሳላይ በአልበም ልጠይቅ። ከዚያ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን እናስቀምጥ። በየትኛው ምግብ ላይ እንደምሳሳት መገመት እችላለሁ፤ ቅርጽ የሌለው ፍርፍርና ከትልቅ ድስት የወጣ ወጥ ላይ ነው። ዳቦና እንቁላል ላይ ግን እንተያያለን።

«ስልክ ራሱ ይመዝነዋል»

ይህ የጽሑፉ መዝጊያ ከመግቢያው ጋር ይጣላል። ፎቶ ክብደት አያሳይም ብለው የጀመሩ ሰው፣ ስልክ በፎቶ ይመዝናል ብለው ጨረሱ።

የስልኩ ነገር ተስፋ የለውም አልልም። ግን የሚጎድለውን እንቁጠር። አንድ ፎቶ ብቻውን ርቀትና ጥልቀት አያውቅም፤ ስለዚህ መጠኑ የታወቀ ካርድ ወይም ዕቃ ሰሃኑ አጠገብ መቀመጥ አለበት። ከመብላት በፊትም ከተበላ በኋላም መነሳት አለበት፤ አለዚያ ትርፉ አይታወቅም። እንጀራ ሥር የገባውን ወጥ ካሜራ አያየውም። ዘይቱን አያየውም። ትሪው ላይ የማን እጅ የት እንደደረሰ አያየውም። ማታ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጭራሽ ምንም አያይም። ሽሮ፣ የባቄላ ክክና የተፈጨ ምስር በሻማ ብርሃን ስልኩን ተዉትና እኔንም ግራ ያጋቡኛል።

ሰውም አለበት። እኛ ጋ ምግብ ከባዕድ ዓይን ይሸፈናል። ብዙ እናት የልጇ ገንፎ ፎቶ ተነስቶ የማታውቀው ሰው ጋ ሲሄድ ደስ አይላትም። «ዓይን ያርፍበታል» ትላለች። ይህን ኋላ ቀርነት ብሎ ማለፍ ይቻላል። ያን ጊዜ ግን እርሷ በርዋን ትዘጋለች፣ ጥናቱም እዚያው ያበቃል። የተዘጋጀ አልበም ማሳየት የማንንም ምግብ ለዓይን አያጋልጥም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ውጭ አገር ሰዎች ምግባቸውን በስልክ አንስተው ወደ ባለሙያ የሚልኩበት አሠራር ተሞክሯል። ባለሙያዋ መጠኑን የምታውቀው እንዴት ነው? የተላከላትን ፎቶ አስቀድመው ከተመዘኑ ምግቦች ፎቶ ጋር እያስተያየች ነው። ሰው ትቶ ኮምፒዩተር ይሥራው ቢባልም፣ ኮምፒዩተሩ የሚማረው ክብደታቸው ከተጻፈ ፎቶዎች ነው። የእኛን ሽሮ፣ የእኛን ፍርፍር፣ የሱቁንና የቤቱን እንጀራ ማንም መዝኖ ካላነሳቸው ስልኩ ከየት ያውቃቸዋል? ጸሐፊው እንጠብቀው የሚሉት ስልክ መጀመሪያ የሚፈልገው ይህንኑ አልበም ነው፤ አሁን ካለው ይልቅ ብዙ ገጽ ያለው፣ በእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ግራሙ የተጻፈበት።